አርባ ሦስት የክርስትና ስሞች

ፒያሳ፣ ሰኞ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዘርዓብሩክ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። መውጫ መግቢያዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልን። እኛ ደህና ነን።

መጀመሪያ የምናገረው ነገር ያሳፍረኛል፤ ግን ካልተናገርኩት መቀጠል አልችልም። የማላውቀውን ሥራ አውቃለሁ ብዬ ለሰፈሩ ሰው ቃል ገብቻለሁ።

እርስዎ አያውቁኝም። አርሴማ እባላለሁ፤ የእማማ አስካለ የልጅ ልጅ ነኝ። እናትዎና እማማ የእህትማማች ልጆች እንደሆኑ፣ እርስዎም በልጅነትዎ እሪ በከንቱ እኛ ቤት ያድሩ እንደነበር እማማ ነግራኛለች። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው። ትምህርቴን ከዘጠነኛ ክፍል አቁሜ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጋሽ መሓሪ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ስልክ ያልደወልኩልዎት ስናገር ድምፄ ስለሚጠፋብኝ ነው። ስጽፍ ይሻለኛል።

ነገሩ የእማማ ካሴቶች ናቸው። እማማ በየለቅሶ ቤቱ ሙሾ ስታወርድ እንደኖረች ያውቃሉ። ቤተሰቡ ሲፈልግ ለቅሶው በካሴት፣ ኋላ ኋላ ደግሞ በስልክ ይቀረጽ ነበር፤ ቅጂው እሷ ዘንድ ይቀመጣል። የአርባ ሦስት ቤት ለቅሶ አላት። ሙት ዓመት ሲደርስ ቤተሰቡ መጥቶ እኛ ቤት ተቀምጦ ይሰማል፣ ያለቅሳል፣ ይሄዳል። ለሌላ ሰው አይከፈትም። ሐዘንተኛ ሰው በለቅሶ መሐል ምን እንደሚል ያውቃሉ፤ ከባል ከልጅ የደበቀውን ሁሉ ያወጣዋል። እማማ ለእያንዳንዱ ቤት «እንባችሁ ከቤታችሁ አይወጣም» ብላ ቃል ሰጥታለች።

አምና ሰፈሩ ሲፈርስ፣ ከእኛና ከጥቂት ቤት በቀር ሰዉ ተበተነ። ግማሹ ገላን ነው፣ ግማሹ አራብሳ። ትልልቆቹ ያን ሁሉ ታክሲ ተሳፍረው መምጣት አልቻሉም። ስለዚህ ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩና ከቪዲዮ እያየሁ አንድ ገጽ ሠራሁ። ጋሽ መሓሪ አሮጌ ኮምፒውተራቸውንና የኮፒ ቤቱን ኢንተርኔት ሰጡኝ፤ ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል። እያንዳንዱ ቤተሰብ የምስጢር ቃሉን ጽፎ የራሱን ለቅሶ ብቻ እንዲያወርድ ነው ያሰብኩት። ግን ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ ከመጣ ኮምፒውተሩ ይደርቃል። ኔትወርክ ከተቋረጠም እንደገና ከመጀመሪያው ነው። አንዱ ለቅሶ አራት ሰዓት ይሆናል።

እርስዎ ሮተርዳም የሰርቨር ሥራ እንደሚሠሩ ሰምተናል። የወይዘሮ እንቁ ልጅ፣ የኢዩኤል ሙት ዓመት ኅዳር 12 ነው። እናቱ ለዚያ ቀን ተስፋ አድርገዋል። ይደርስልኝ ይሆን?

የማያውቋት ዘመድዎ
አርሴማ


ሮተርዳም፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017

አርሴማዬ፣

ሰላም ለቤታችሁ ሁሉ፤ ደጃችሁን ክፉ አይርገጠው። በመጀመሪያ ያንን «የተከበሩ» የሚለውን አንሺልኝ፤ አነበብኩትና መስታወት ፊት ሄጄ ሽበቴን መፈለግ ጀመርኩ። እሪ በከንቱ ቁልቁለት ላይ በካርቶን እየተንሸራተትኩ ያደግሁ ሰው ነኝ እኮ! አንተ በይኝ። የእትዬ አስካለን ጉልበት ሳሚልኝ።

ችግርሽ ገብቶኛል። ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ገባሽ እንበል። ካሸሯ ሒሳብ ትቀበላለች፣ ቲኬት ትቆርጣለች፤ በቃ። ኬኩን አንስቶ የሚሰጥሽ ባንኮኒው ኋላ ያለው ሰውዬ ነው። ያንቺ ፕሮግራም ግን ቲኬትም ቆራጭ፣ ኬክም ተሸካሚ ሆኗል። የአራት ሰዓት ለቅሶ ሙሉውን ጀርባው ላይ ጭኖ ለደንበኛው ሊያደርስ ይሞክራል። ሦስት ደንበኛ ሲመጣበት ወገቡ ይቆረጣል።

«ኤክስ ሴንድ ፋይል» የሚባል ሞጁል፣ ተጨማሪ ፕሮግራም ማለት ነው፣ አለ፤ ገጽሽን ለሰው የሚያቀርበው ሰርቨር፣ አፓቺው ላይ ጫኚው። ከዚያ በኋላ የፕሮግራምሽ ሥራ ቃሉን መመርመር ብቻ ይሆናል። ቃሉ ትክክል ከሆነ ለሰርቨሩ «ይሄን ፋይል ስጠው» የምትል አንዲት መስመር ጽፎ ዞር ይላል። መሸከሙን ሰርቨሩ ራሱ ይወጣዋል፤ ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። መስመሯን ደንበኛው አያያትም፤ በሁለቱ መሐል የሚቀር ነገር ነው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። ድምፆቹ ያሉበትን ፎልደር ገጹ ከሚታይበት ፎልደር አውጥተሽ ሌላ ቦታ አስቀምጪው፤ አለበለዚያ አድራሻውን የገመተ ሁሉ ያለ ቲኬት ይወስዳል። ሞጁሉ ላይም የምትፈቅጂው መንገድ ያ አንድ ፎልደር ብቻ ይሁን። ስትጨርሺ ንገሪኝ፤ ከዚህ ሆኜ ልሰብረው እሞክራለሁ።

አንድ ልመና አለኝ። የእትዬ አስካለን ሙሾ ከሰማሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ። ከአርባ ሦስቱ አንዷን፣ የፈለግሻትን፣ ላኪልኝ።

ዘርዓብሩክ


ፒያሳ፣ ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ዘርዓብሩክ፣

ሰላምታዬ በትሕትና ይድረስዎ። እዚያ ብርድ ገብቷል ሲሉ ሰማን፤ ቤትዎን ሙቀት አይለየው። አንተ በይኝ ብለውኝ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ፤ ይቅርታ።

ሆነልን! ሞጁሉ ይሠራል። ፎልደሩን እንዳሉኝ አወጣሁት። ግን አንድ የራሴ ስሕተት ሦስት ቀን አስቸገረኝ። ቃሉን በትክክል ለጻፈ ሰው ገጹ በቅድሚያ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እንዲል አድርጌ ነበር። ለቅሶ ቤት ተገብቶ ዝም አይባልማ። ታዲያ ስሞክረው የሚወርደው ለቅሶው ሳይሆን ያቺ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብቻ ሆነች። ኋላ ገባኝ፤ ፕሮግራሙ አንዲት ቃል እንኳን አስቀድሞ ከተናገረ ለሰርቨሩ የሚጻፈው መስመር ይቀራል። ሰላምታውን አጠፋሁት። እማማ ስነግራት «እንዲህ ያለ ለቅሶ ደራሽ አይቼ አላውቅም፤ ገብቶ፣ ሰጥቶ፣ ዝም ብሎ የሚወጣ!» ብላ ሳቀች።

የገጹን አድራሻ ልኬልዎት እርስዎም ኅዳር 8 ቀን ከዚያ ሆነው ሲሞክሩት «አይገኝም» ብሎ መልሶዎታል። ሰርቨሩ የገባ የወጣውን በሚመዘግብበት ሎግ ላይ የቤትዎን የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር አየሁት። ከሩቅ የመጣ የመጀመሪያ እንግዳችን ስለሆነ ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ኅዳር 12 ቀን ወይዘሮ እንቁ ከገላን በስልካቸው አወረዱ። ሦስት ጊዜ ኔትወርክ ጠፋባቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ ካቆመበት ቀጠለ። ባለቤታቸው ጋሽ ሃፍቶም ሥራ በሄዱበት ብቻቸውን ሰሙት። ከዚያ ደውለው «አርሴማ፣ ልጄን እቤቴ ድረስ አመጣሽልኝ» አሉኝ።

አንዷን ላኪልኝ ያሉትን እማማን ጠየቅኋት። «ዘርዓብሩክ የኔን ድምፅ ከፈለገ ይደውል፤ ለእሱ ብቻ አወርድለታለሁ። የሰው ለቅሶ ግን የሰው ነው» አለች። እባክዎ እንዳይቀየሙን።

የምስጢር ቃሉንም የመረጠችው እማማ ናት። የሟቹ የክርስትና ስም ነው። ትልልቆቹ ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለበት ነገር ይረሳሉ፤ የሟቻቸውን የክርስትና ስም ግን ማን ይረሳል? ለባዕድም አይነገርም። ጥሩ ዘዴ አይደለም?

አርሴማ


ሮተርዳም፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017

ውድ እህቴ አርሴማ፣

የእመቤታችን ጥላ አይለያችሁ፤ ለእትዬ አስካለ ዕድሜ ይጨምርላት። ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ። ጎበዝ ነሽ። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው የመጡ ልጆች ያንን ሞጁል ለማስተካከል ካንቺ የባሰ ይደናበራሉ።

የእትዬን መልስ ተቀብያለሁ። ቅር አላለኝም፤ እውነቷን ነው።

ይልቅ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እዚህ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ለልደት ጾም መጨረሻ ለሙታን ጸሎት ያደርጋል። የሰፈሬ ሰዎች፣ እኔን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉኝ፣ ስማቸው አንድ ቀን እንኳን እዚህ ቢጠራ ደስ ይለኛል። ጸሎት ላይ የዓለም ስም እንደማይጠራ ታውቂያለሽ። እትዬን ጠይቂና የአርባ ሦስቱንም የክርስትና ስም ከነቤታቸው ጽፈሽ ላኪልኝ። ቶሎ ቢደርሰኝ መልካም ነው።

ዘርዓብሩክ


ፒያሳ፣ ማክሰኞ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ዘርዓብሩክ፣

ያሰቡትን የሰማ አምላክ የእርስዎንም ሐሳብ ይፈጽምልዎ። እማማ ደብዳቤዎን ሳነብላት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ «አየሽ፣ ከሀገር ቢወጣም ከሰው አልወጣም» አለችና ወረቀት አምጪ አለችኝ።

ስሞቹን አንድ በአንድ እየነገረችኝ ጻፍኩ። ሁሉንም በቃሏ ታውቃለች። ስንጨርስ ወረቀቱን ተሳለመችው። ፎቶ አንስቼ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። እኔም የእናቴን ስም ሠላሳ ዘጠነኛው ላይ ጽፌያለሁ፤ እሷም ከአርባ ሦስቱ አንዷ ናት።

ሲጠራላቸው ይጻፉልን። እማማ ቀኑን ማወቅ ትፈልጋለች።

አርሴማ


ሮተርዳም፣ ጥር 9 ቀን 2017

አርሴማ፣

እንኳን አደረሳችሁ። ስሞቹ ደርሰውኛል፤ ሁሉም በሥርዓቱ ሆኗል፤ ለእትዬ ንገሪያት። ለኮምፒውተርሽ የሚሆን አዲስ ዲስክ በሰው ልኬያለሁ። ለጊዜው ሥራ ላይ ነኝ።

ዘ.


ፒያሳ፣ ሐሙስ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ዘርዓብሩክ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ።

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ቅር ሳይሉኝ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከራስ መኮንን ድልድይ ታክሲ ተሳፍሬ ወደ ፒያሳ ስወጣ ረዳቱ በስልኩ ዘፈን ከፈተ። ከበሮ የመሰለ ነገር ይመታል፤ ከሥሩ አንዲት ሴት ታለቅሳለች። እማማ ነበረች። አልተሳሳትኩም፤ በዚያ ድምፅ እሹሩሩ እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ከዚያ ሌላ ድምፅ ገባ፤ «ሂድ ያልኩህ እኔ! ስንቅህን የቋጠርኩ እኔ!» ይላል። ያንኑ እየመለሰ እየመለሰ ይላል። የወይዘሮ እንቁ ድምፅ ነው።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ይሄማ ይመቻል! ከየት አመጣኸው?» አለው።

«ቲክቶክ ላይ ሞልቷል፤ የፈረንጅ ሥራ ነው። አልቃሿ ግን የኛ ሳትሆን አትቀርም» አለ ረዳቱ።

«ስንቅህን የቋጠርኩ እኔ!» ብሎ ልጁ አስመስሎ ጮኸና ሁሉም ሳቁ።

«ወራጅ አለ» ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። መውረጃዬን አልፌ እስከ መጨረሻው ሄድኩ።

ኢዩኤል በባሕር ከጠፋ አራት ዓመቱ ነው። ጋሽ ሃፍቶም ልጃቸው ሳያማክራቸው፣ ከእናቱም ተደብቆ የሄደ ይመስላቸው ነበር። ወይዘሮ እንቁ ያንን ቃል የተናገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሴቶች ብቻ በነበሩበት፣ እማማ ፊት። አሁን ጋሽ ሃፍቶም ሰምተዋል። ከቤት ወጥተው እህታቸው ዘንድ ገብተዋል። ወይዘሮ እንቁ ትናንት ከገላን እኛ ቤት ድረስ መጡ። አልተቀመጡም። በር ላይ ቆመው «እትዬ አስካለ፣ ከቤታችሁ አይወጣም ብለውኝ ነበር» አሉ። እማማ ከዚያ ወዲህ አልተናገረችም፤ የምትበላውን ሳቀርብላት እንኳን በእጇ ነው የምትመልስልኝ።

ሎጉን አየሁት። ታኅሣሥ 17 ቀን፣ የስሞቹን ወረቀት በላክሁልዎ በሁለተኛው ቀን፣ አርባ ሦስቱም ፋይሎች አንድ በአንድ ወርደዋል። በሩ አልተሰበረም፤ አንድም የተሳሳተ ቃል አልተጻፈም። ወረቀቴ ላይ በጻፍኩበት ቅደም ተከተል ነው የወረዱት። ሠላሳ ዘጠነኛው የእናቴ ነው። የአድራሻው ቁጥር ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ቁጥር ነው።

ምናልባት ወረቀቱን እቤትዎ የገባ ሰው አይቶት ይሆን? ወይም ኮምፒውተርዎን ሌላ ሰው ተጠቅሞበት? እንዲህ ከሆነ ይጻፉልኝና እኔም ልረፍ።

የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ሰዉ ጋሽ መሓሪን ይዟል። ኮምፒውተሩ እሳቸው ቤት ነውና። የእድራችን ዳኛ አቶ ገብረክርስቶስ ኮፒ ቤት ድረስ መጥተው ነበር።

«መሓሪ፣ ሳጥኑ ያለው አንተ ጋ ነው» አሉ።

«ሳጥኑ እንጂ ቁልፉ እኔ ጋ የለም! የማንን የክርስትና ስም አውቄ ነው?»

«ሃያ ዓመት ስንት የፍትሐት ወረቀት ኮፒ አንስተሃል? ሽጠኸው ይሆናል።»

«ጌታዬ፣ እኔ ወረቀት ነው የምሸጠው፤ ሰው አልሸጥም።»

እኔ ማሽኑ ኋላ ቆሜ ነበር። ስሞቹን የሰጠሁት እኔ እንደሆንኩ መናገር ነበረብኝ። ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ጋሽ መሓሪ አዩኝና የተጨነቅሁላቸው መስሏቸው «አይዞሽ» አሉኝ።

እድሩ ስማቸውን ከመዝገብ ሊፍቅ ይመክራል። እናታቸው ዘጠና ዓመታቸው ነው፤ አልጋ ላይ ናቸው። ከእድር የተፋቀ ሰው እናቱን ማን ይቀብርለታል? ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። «መሓሪ አልወሰደም» የምትል ሁለት መስመር ለእድሩ ይጻፉ። እንዴት እንደሆነ ባይነግሯቸውም ይሁን።

አርሴማ


ፒያሳ፣ ቅዳሜ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ዘርዓብሩክ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዬ እንደተነበበ ስልኬ ያሳየኛል፤ ሃያ ሦስት ቀን ሆነው። ጋሽ መሓሪ ጋ ኮፒ የሚያስነሳ ሰው ጠፍቷል። ሰዉ በራችን ላይ ሲደርስ ወደ ማዶ ይሻገራል። የእድሩ ስብሰባ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ ነው፤ ሚያዝያ 26።

እማማ ባለፈው እሑድ አንድ ነገር ተናገረች። «ስማቸው የተጠራው በስንት ነበር አለሽ?» አለችኝ። እርስዎ ቀኑን አልጻፉልንም። በስንት ነበር?

አርሴማ


ሮተርዳም፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017

አርሴማ፣

የትንሣኤው ብርሃን ለሁላችሁም ይድረስ። እንደ ታላቅ ወንድም አዳምጪኝ።

እኔ ሌባ አይደለሁም። በር አልሰበርኩም፤ በቁልፍ ገባሁ፤ ቁልፉን የሰጠሽኝ ራስሽ ነሽ። ለቴአትር ድምፅ የሚያቀናብር ወዳጅ አለኝ። የእትዬን ድምፅ አንድ ጊዜ ከትዝታዬ አንጎራጉሬለት አላስቀምጥ አለኝ። ይህን የመሰለ ነገር ጠረጴዛ ሥር በስብሶ ከሚቀር ዓለም ቢሰማው ምን አለበት አልኩ። የማንም ስም አልተጠራም። ትንሽ ቁራጭ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ፤ እንዲህ ይዛመታል ብሎ ማን አሰበ? ከፈለጋችሁ በሥራው መጨረሻ የእትዬ ስም እንዲጻፍ አደርጋለሁ።

ስለ ጸሎቱ፣ ወረቀቱን ለካህኑ ላደርስ አስቤ ነበር፤ ሥራ ደራረበብኝና ሳይመቸኝ ቀረ። ለሚቀጥለው ይደርሳል። ለእትዬ ይህን መንገር አያስፈልግም።

ለእድሩ ግን መጻፍ አልችልም። እናቴ የተቀበረችው በዚያ እድር ነው፤ ስሜ እዚያ ምን ሆኖ ይቀራል? እነሱም አሁን ተቆጥተው ነው እንጂ ይረሱታል። መሓሪም የአራዳ ሰው ነው፤ ይችለዋል። አንቺ ዝም በይ፤ ዝምታን ማንም አያስተምርሽም።

በዚያው ቃሎቹን ቀይሪያቸው። የክርስትና ስም ለምስጢር ቃል እንደማይሆን ያኔ ስትጽፊልኝ አይቼዋለሁ፤ ሳልነግርሽ ቀረሁ።

ዘርዓብሩክ


ፒያሳ፣ ቅዳሜ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ዘርዓብሩክ፣

ሰላም ይሁን።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ኅዳር ላይ «ጥሩ ዘዴ አይደለም?» ብዬ ጠይቄዎት ነበር። መልስዎን ሃያ ስድስት ቀን ጠበቅሁ። ሲመጣ ስለ ጸሎት ነበር የሚያወራው። በሩ እንደማይዘጋ አይተው፣ ዝም ብለው፣ ከዚያ በዚያው በር ገቡ ማለት ነው። ሞጁሉን ሲያስተምሩኝ አንዲት ነገር አላጎደሉም፤ ለዚህ ነው ያመንኩዎት። ያስተማሩኝ ሁሉ እውነት ነበር። አሁንም ይሠራል።

እሱን እንኳን ልረሳው እችል ይሆናል። ጸሎቱን ግን አልችልም። እማማ ከጥር ጀምሮ ስማቸው ተጠርቷል ብላ ስታመሰግን ነበር። ከገላን ለመጣ፣ ከአራብሳ ለመጣ ሁሉ «ልጄ ዘርዓብሩክ ከባሕር ማዶ አስጠራላቸው» ስትል ቆይታለች። እኔም የእናቴ ስም በማላውቀው ሀገር ተጠራ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የት እንደተጠራ፣ ማን እንደጠራው በሐሳቤ አይ ነበር። ወረቀቱ ግን እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ነበር። የእናቴን ስም ያነበቡት ፋይል ለመክፈት ነው።

ለእማማ አትንገሪ ብለውኝ ነበር። ነገርኳት። ደብዳቤዎን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «በቁልፍ ገባሁ» የሚለው ጋ ስደርስ «ድገሚው» አለችኝ፤ ደገምኩት። አላለቀሰችም። ለሰው ሁሉ ታለቅሳለች እንጂ ለራሷ ማልቀስ አታውቅም። «የእሱ እናት ስትሞትም ያወረድኩት እኔ ነኝ» ብቻ አለች። ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ተነሣችና ገብታ ተኛች።

የእናትዎም ለቅሶ ከአርባ ሦስቱ ውስጥ ነው። ሰባተኛው ነው። እርስዎም እንደ ሌላው አውርደውታል፤ ሎጉ ላይ አለ። ሰምተውት እንደሆነ አላውቅም። እሱንም ለወዳጅዎ ሰጥተውት እንደሆነም አላውቅም። የእርስዎን የክርስትና ስም እማማ ታውቀዋለች፤ አልጠየቅኋትም፤ አልጠይቃትምም።

ሞጁሉ የሚፈቅደውን መንገድ ዛሬ አጥፍቻለሁ። አሁን ማንም ትክክለኛ ቃል ቢጽፍ ሰርቨሩ «አይገኝም» ይላል። ቤተሰቦቹ ራሳቸው አዲስ ቃል እስኪመርጡ ድረስ እንዲሁ ይቆያል። ቃላቸውን እኔም እማማም አናውቀውም። ዲስክዎን አውጥቼ አስቀምጬዋለሁ፤ ከሮተርዳም የሚመጣ ሰው ካለ ይውሰድልዎ።

ዛሬ ከሰዓት ኮፒ ቤቱ ባዶ ነበር። ጋሽ መሓሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው በሩን ያያሉ። የታኅሣሥ 17ን ሎግ አተምኩት፤ ሁለት ገጽ ሆነ። ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ የማን ቁጥር ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ቀስ ብዬ ነበር፤ ግን ነገርኳቸው። ስሞቹን የጻፍኩትም የላክሁትም እኔ እንደሆንኩ፣ አቶ ገብረክርስቶስ የመጡ ቀን ማሽኑ ኋላ ሆኜ ዝም እንዳልኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር።

«ሁለት ወር ሙሉ ከእኔ ጋር ሻይ ስትጠጪ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እናቴን እያየሽ?»

«አዎ።»

ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። «እኔ ብሰጣቸው እኔ ጻፍኩት ይላሉ» አሉ። አይዞሽም አላሉኝም።

እርስዎ ያደረጉብኝን እኔም ለእሳቸው አድርጌዋለሁ። ይህን የጻፍኩት እርስዎን ለማስተዛዘን አይደለም። ዝም በይ ያሉኝን ሁለት ወር ሙሉ ሳይነግሩኝ በፊት እየፈጸምኩት እንደነበር ስላየሁ ነው። ከእንግዲህ ግን አልችልበትም።

ወይዘሮ እንቁ ነገ ለእድሩ ስብሰባ ይመጣሉ። ጋሽ ሃፍቶምም ይመጣሉ ተብሏል፤ ለየብቻ ነው የሚመጡት። እኔ ስናገር ሁለቱም ይሰማሉ። ለወይዘሮ እንቁ ምን እንደምላቸው እስካሁን አላገኘሁም። ይቅርታ ማለት ለእሳቸው ነገር ያንስብኛል። እንዲያም ሆኖ ፊታቸው እቆማለሁ እንጂ ከኋላ አልቀመጥም።

ነገ እሑድ ከቅዳሴ በፊት ወረቀቱን ይዤ ቅዱስ ጊዮርጊስ እሄዳለሁ፤ አርባ ሦስቱን ስም ለካህኑ በእጄ እሰጣለሁ፤ ሲጠሩም እስከ መጨረሻው ቆሜ እሰማለሁ። ከዚያ በሦስት ሰዓት እድሩ ድንኳን ውስጥ እገባለሁ። አቶ ገብረክርስቶስ የጋሽ መሓሪን ስም ከመጥራታቸው በፊት እጄን አወጣለሁ፤ «ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ» እላለሁ፤ ለማን እንደሰጠሁም እናገራለሁ። ድምፄ ከጠፋ ይህንን ደብዳቤና ሁለቱን የሎግ ገጾች በየእጃቸው አድላለሁ። ስለዚህ አሁን ከመላኬ በፊት ሰማንያ ኮፒ አነሣለሁ።

አርሴማ